ጌጁ 78 ይላል፣ ፋይበሩ 91 ይላል፤ የቱን ልመን?

የ132 ፈረቃ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ ሰብስቴሽን የጥገና ኢንጂነር ነኝ። አንድ ነገር ሰላም ነስቶኛልና የምታውቁ እርዱኝ።

አንድ 132/15 ኪሎ ቮልት፣ 31.5 ኤምቪኤ አቅም ያለው ትራንስፎርመር አለን። ሥራ ከጀመረ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ከነባሮቹ የሚለየው ጥቅሎቹ (የተጠመጠሙት ሽቦዎች) ውስጥ 6 የፋይበር ኦፕቲክ የሙቀት መለኪያ ተቀብሮበት መምጣቱ ነው። ከ1 እስከ 3 ያሉት 132 ኪሎ ቮልቱ ጥቅል ውስጥ ናቸው። ከ4 እስከ 6 ያሉት ደግሞ 15 ኪሎ ቮልቱ ውስጥ። ለየፌዙ አንዳንድ ማለት ነው። ንባባቸው ኮንትሮል ክፍል ውስጥ ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ ይወጣል። እንደ ድሮዎቹ ባለ መርፌ ጌጆችም ታንኩ ጎን ላይ አሉት፤ አንዱ የዘይት፣ ሁለቱ የጥቅል።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ማታ ተረኛ ነበርኩ። የበዓል ዋዜማ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በ15ቱ በኩል 1115 አምፒር ደረሰ። የሙሉ ጭነቱ 92 ከመቶ መሆኑ ነው። ውጭው 16 ዲግሪ ነበር። ባትሪዬን ይዤ ወጣሁና ጌጆቹን አነበብኩ። ዘይቱ 66፣ ሁለቱም የጥቅል ጌጆች 78። ገብቼ ስክሪኑን ሳይ 1 ቁጥር ባዶ ሰረዝ ነው፤ እሱ ትራንስፎርመሩ ሥራ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። 2 ቁጥር 79፣ 3 ቁጥር 77። 4 ቁጥር 86፣ 6 ቁጥር 87። 5 ቁጥር፣ የመሃሉ ፌዝ፣ 91።

ተመልሼ ወጣሁ። መርፌው ተጣብቆ እንደሁ ብዬ የጌጁን መስታወት በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ንቅንቅ አላለም። 78።

ከበዓል ስንመለስ ለአለቃዬ አሳየኋቸው። ብዙ ዘመን በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። «ሁለቱ ጌጆች ተስማምተዋል። ፋይበሮቹ ግን አንዱ 77 ይላል፣ አንዱ 91 ይላል፣ አንዱ ሞቷል። እርስ በርሱ ያልተስማማ ምስክር ይታመናል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ፋኖቹ የሚነሱት በጌጁ ነው፣ 75 ሲደርስ። አላርም 100፣ ትሪፕ (ትራንስፎርመሩ በራሱ የሚቋረጥበት) 115። 5 ቁጥር እውነቱን ከሆነ፣ ፋኖቹ ሲነሱ ጥቅሉ 88 ግድም ደርሷል ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት ከየት ይመጣል? 5 ቁጥር ተበላሽቶ ከሆነስ ታንኩን ሳልከፍት በምን አውቃለሁ?


ደገኛው፦

ወንድሜ፣ ከፍታህን አትርሳ። እናንተ ጋ ወደ 2400 ሜትር ነው። መስፈርቱ የተጻፈው እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ራዲያተሩ እንደ ልቡ አያቀዘቅዝም። አይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መስፈርት አውጪ) ያለ ፋን ለሚቀዘቅዝ በየ400 ሜትሩ 1 ዲግሪ፣ በፋን ለሚቀዘቅዝ በየ250 ሜትሩ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። ለአንተ 3.5 ወይም 5.6 ዲግሪ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ብዙ ሰው ይህን ቸል ይላል። ልዩነትህ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።


የጥቅል ክፍል፦

ሰላም። ጀርመን ውስጥ ትራንስፎርመር ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አምስቱን እነዚህን ፋይበሮች በማስገባት ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ለደገኛው። ስለ ከፍታው ያልከው ልክ ነው፣ ቁጥሮቹም ልክ ናቸው። ግን ከፍታ የሚጎዳው ዘይቱ ሙቀቱን ለአየር የሚያስረክብበትን ቦታ ነው። ታንኩ ውስጥ፣ በጥቅሉና በዘይቱ መካከል፣ አየር የሚባል ነገር የለም። ከፍታው ዘይቱን ሲያሞቅ ጌጁም ፋይበሩም አብረው ይወጣሉ። በሁለቱ መሃል 13 ዲግሪ አይከፍትም።

አሁን ወደ ጠያቂው። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ወንድሜ፤ ያ የጥቅል ጌጅ ጥቅሉን ነክቶት አያውቅም። መለኪያው የተቀመጠው ክዳኑ ላይ፣ ዘይት ውስጥ በገባች ኪስ ውስጥ ነው። ከሲቲ (የጭነቱን ከረንት ከሚለካው ትንሽ ትራንስፎርመር) የሚመጣ ትንሽ ከረንት በማሞቂያ ሽቦ ያልፍና ንባቡን ከዘይቱ በላይ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ጭነት ሲጨምር ከረንቱ ይጨምራል፣ መርፌውም ይወጣል። ያ «ጥቂት ዲግሪ» ስንት መሆን እንዳለበት ጌጁ ራሱ አያውቅም። ከፋብሪካው የሙቀት ፈተና ሪፖርት ተነሥቶ የሚሞላለት ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል።

ያንተን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። 2 እና 3 ቁጥር፣ ማለትም የ132ቱ ጥቅል፣ 79 እና 77 ናቸው። የ132ቱ ጌጅህ 78 ነው። ተስማምተዋል! ያልተስማማው የ15ቱ ወገን ብቻ ነው፤ ሦስቱም ፋይበሮች ከጌጁ በላይ ናቸው። አንድ ፋይበር ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይወጣ ነበር። ሦስት ፋይበር በአንድ ጥቅል ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ተመካክሮ አይበላሽም። የመሃሉ ከዳርና ዳሩ ትንሽ መሞቁም ያለ ነው፤ ጎረቤት በሁለት ወገን አለው።

እኔን ያሳሰበኝ እንዲያውም አለቃህ እንደ ማስረጃ የወሰዱት ነገር ነው። ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ናቸው። የሽቦው ውፍረት ሌላ፣ የዘይት መንገዱ ሌላ። ሁለቱ ጌጆች ለምን እኩል 78 ያነባሉ? የፈተና ሪፖርቱን አውጣና የሁለቱን ጥቅሎች ግራዲየንት (ጥቅሉ በሙሉ ጭነት ከዘይቱ በአማካይ በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ) ለየብቻ ተመልከት። ከዚያ ሄደህ የጌጆቹ ማስተካከያ በስንት እንደተሞላ እይ። መልስህ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

5 ቁጥርን ሳትከፍት ለመፈተን ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ስክሪኑ ጀርባ የ5ን ፋይበር ንቀልና 4 ላይ ሰካ፣ የ4ን ደግሞ 5 ላይ። 91ዱ ፋይበሩን ተከትሎ ከሄደ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ከመሰካትህ በፊት ጫፉን በአልኮልና አቧራ በማይተው ጨርቅ ጥረገው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብርሃኑን ትጋርዳለች። ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመሩ ለጥገና ከመስመር ሲወጣ ስክሪኑን እንዳታጠፋ። ጥቅሉ ከዘይቱ ጋር ለመስተካከል አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ያኔ አምስቱም ፋይበሮች ከላይኛው ዘይት ጋር አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። 5 ቁጥር ብቻውን ከላይ ከቀረ ውሸታም ነው። አብሮ ከወረደ እውነተኛ ነው።

የፋይበሩን ዓይነት ማኑዋሉ ላይ እይ። ጫፉ ላይ ጋሊየም አርሴናይድ ክሪስታል ያለው ከሆነ የሚያነበው የብርሃኑን ብዛት አይደለም፣ ቀለሙን ነው። ነጭ ብርሃን ይላካል፣ ክሪስታሉ ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል። የሚውጠውና የሚመልሰው የሚለያዩበት ድንበር በየዲግሪው ወደ 0.4 ናኖሜትር ይገፋል። ስለዚህ ፋይበሩ ቢታጠፍ ወይም ቢቆሽሽ ንባቡ ይቆራረጣል፣ ይዘላል፣ ወይም ሰረዝ ይሆናል እንጂ ረግቶ ጥቂት ዲግሪ ጨምሮ አይዋሽም። ግሬቲንግ (ብርሃን የሚመልሱ ጥቃቅን መስመሮች) የተቀረጸበት ፋይበር ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በመወጠርም ስለሚነካ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የ1 ቁጥርህ ነገር ደግሞ አሳዘነኝ፤ እንዴት እንደሚሞት አውቃለሁና። ፋይበሩ ከነልባሱ ከስፓጌቲ አይወፍርም። ጫፉን በጥቅሉ ንብርብሮች መሃል በሚገባው የጠንካራ ካርቶን ማራራቂያ (ስፔሰር) ላይ ቦይ ቆርጠን እንቀብረዋለን። ጥቅሉ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ጫፍ በመዳፌ እጨብጠዋለሁ። ስክሪኑ ላይ 33፣ 34 እያለ ሲወጣ ሳይ «ይህችኛዋ ደህና ናት» ብዬ ቁጥሯን እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ጥቅሉ ይጨመቃል፣ በኬሮሲን እንፋሎት ቀን ከሌሊት ይደርቃል፣ ታንክ ውስጥ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ስምንቱንም ደህና አድርሰን፣ ታንክ ልናስገባ ስንል የአንዱ ፋይበር ጥቅልል ከማሰሪያው ሾልኮ ወለሉ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ባልደረባዬ ረገጠው። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ስክሪኑ ላይ ሰረዝ ሆነ፣ አለቀ። ያን ለመጠገን ጥቅሉን እንደገና መፍታት ነው፣ ማንም አያደርገውም። ለዚህ ነው አስፈላጊ ቦታ ላይ ሁለት ሁለት አስገቡ እያልኩ የምከራከረው።

ስለ ፋኖቹ፦ የፋይበሩን ከፍተኛ ንባብ ከጌጁ ጎን ለጎን ለፋን ማስነሻ ስጠው። ቀድሞ የደረሰው ያስነሳ። ትሪፕ ላይ ግን አንድ ፋይበር ብቻውን አታስገባ። በአንድ ቀጭን ክር ምክንያት ሰፈር አይጨልምም።


ዘይት ቤት፦

ልጆቼ፣ እኔ የዘይት ላቦራቶሪ ሰው ነኝ። የጥቅል ክፍሏ እህታችን የተናገረችው ሁሉ ደስ ብሎኛል። እኔ ከወረቀቱ በኩል ልጨምር፤ የትራንስፎርመር ዕድሜ የወረቀቱ ዕድሜ ነውና። ዘይት ይጣራል፣ ይቀየራል። ሽቦው ላይ የተጠቀለለው ወረቀት ግን አንዴ ከተሰባበረ አይመለስም። ወረቀቱ የተሠራበት የሴሉሎስ ሰንሰለት ርዝመት አዲስ ሲሆን 1000 ገደማ ነው፤ 200 ሲደርስ ጥንካሬው አልቋል።

ተራ ክራፍት ወረቀት ከሆነ 98 ዲግሪ ላይ «በአንድ ቀን አንድ ቀን» ያረጃል። ከዚያ በየ6 ዲግሪው እርጅናው እጥፍ ይሆናል፣ ወደ ታችም በየ6 ዲግሪው ግማሽ። ያንተን አሰላሁት። 78 ላይ ከተለመደው 0.1 ነው። 91 ላይ 0.45። ጌጁን አምነህ ብትቀጥል ኖሮ ወረቀትህ በዚያች ማታ ካሰብከው አራት እጥፍ ተኩል ፈጥኖ እያረጀ ነበር። ግን አትደንግጥ፤ 0.45 አሁንም ከአንድ በታች ነው። ትራንስፎርመርህ አልታመመም። የሚያስፈራው በዚሁ ሒሳብ ሎድ የተጨመረ ቀን ነው። ጌጁ 91 ሲል ጥቅሉ 104 ከሆነ፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይበላል። ወረቀቱ ሙቀት እንዲችል የተሻሻለ ከሆነ መነሻው 110 ነው፤ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ።

እርጥበት የያዘ ወረቀት ወደ 140 ሲጠጋ ደግሞ አረፋ ይተፋል። አረፋ ባለበት ኢንሱሌሽን (የኤሌክትሪክ መከላከያ) የለም።

የዘይት ናሙና ቅዳና ውስጡ የሟሟውን ጋዝ አስመርምር። ሲሪንጁን ስትሞላ አየር እንዳይገባ፣ ብርሃን እንዳያየው። ካርቦን ሞኖክሳይድና ዳይኦክሳይዱን ካለፈው ዓመት ጋር አስተያይ፣ እነሱ ስለ ወረቀቱ ይናገራሉ። ኤቲሊን ስለ ጋለ ብረት፣ አሴቲሊን ስለ ብልጭታ። ፋይበሩ አሁን ያለውን ይነግርሃል። ዘይቱ ያለፈውን ይነግርሃል።


አዲስ ተመራቂ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ እኛ ጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራ ትራንስፎርመር አለ። ይሄ ፋይበር አሁን ሊገባለት ይችላል?


የጥቅል ክፍል፦

ጥቅሉ ውስጥ አይቻልም። ለጥገና ወርክሾፕ ገብቶ ጥቅሉ እንደ አዲስ ሲሠራ ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ ባለች ኪስ ወይም ዘይቱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ያኔ የምትለካው ዘይትን ነው፤ ለዚያ ተራው መለኪያም ይበቃሃል። ለሽማግሌው ትራንስፎርመር ገንዘባችሁን የጌጁን ማስተካከያ በማረጋገጥና በጋዝ ምርመራ ላይ አውሉት። ታንኩ ውስጥ የፓርሻል ዲስቻርጅን (ኢንሱሌሽኑ ውስጥ የሚፈጠር ጥቃቅን ብልጭታ) ድምፅ የሚያዳምጡ፣ በፓላዲየም ተቀብተው ሃይድሮጅን የሚያሸቱ ፋይበሮችም አሉ። እነሱ በቫልቭ በኩል ሊገቡ ይችላሉ። መጀመሪያ ግን እጃችሁ ላይ ያለው ልክ ያንብብ።


የ132 ፈረቃ፦

ተመልሻለሁ። ሦስት ሳምንት የጠፋሁት ትራንስፎርመሩ ከመስመር የሚወጣበትን ቀን ስጠብቅ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼንም ጭምር። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ፋይበሩ ጋሊየም አርሴናይድ ነው። 4ን እና 5ን አቀያየርኳቸው፤ ከፍተኛው ንባብ ፋይበሩን ተከትሎ ሄደ። መሣሪያው ደህና ነው።

ከዚያ እሑድ ጠዋት ለጥገና ሲወጣ ወንበር ስቤ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ብሬከሩ ሲከፈት 5 ቁጥር 72 ነበር፣ የላይኛው ዘይት 54። በአሥር ደቂቃ 61 ገባ። ቁጥሩ እየወረደ ሌሎቹን ሲይዛቸው ማየት እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አምስቱም 51 እና 52 ላይ ተሰበሰቡ። ዘይቱም 52። 5 ቁጥር ሲዋሽ አልነበረም።

የሙቀት ፈተና ሪፖርቱን ከመዝገብ ቤት ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የ132ቱ ግራዲየንት 10.5፣ የ15ቱ 21 ይላል። ከጥቅሉ ውስጥ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ከአማካዩ ስለሚበልጥ በ1.3 ሲባዛ ወደ 13.7 እና 27 ይመጣል። በ92 ከመቶ ጭነት ደግሞ ወደ 12 እና 24.5 ይወርዳል። ዘይቱ 66 ነበር። ደምሩት፤ 78 እና 90.5።

ያቺን ወረቀት ለአለቃዬ ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩ። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው እንደገና ደመሩት። ከዚያ ተነሥተው «ና፣ ሳጥኑን እንክፈተው» አሉ። የሁለቱን ጌጆች ማስተካከያ ከፈትን። ሁለቱም በአንድ ቦታ ተሰክተዋል፤ በ132ቱ ቁጥር። ተከላው ላይ አንዱን የሞላ ሰው ሌላውንም እንደዚያው ሞልቶት ሄዷል። እኛም ስንረከብ ሁለቱ እኩል ስላነበቡ «ተስማሙ» ብለን ፈረምን። ፊርማው የእኔም አለበት።

የ15ቱን በሪፖርቱ ቁጥር መሠረት አስተካከልን፣ በመፈተኛ መሣሪያ ከረንት እየሰጠን ደረጃ በደረጃ አረጋገጥን። የፋይበሩን ከፍተኛ ንባብም ለፋን ማስነሻ ጨመርነው። ትሪፕ ላይ አላስገባነውም፣ የጥቅል ክፍሏ እህቴ እንዳለችው። የዘይቱ ውጤትም መጥቷል። አሴቲሊን የለም፣ ኤቲሊን ካለፈው ዓመት አልጨመረም፣ የካርቦን ጋዞቹም ባሉበት ናቸው።

ኮንትሮል ክፍል ያለው የየሰዓቱ መመዝገቢያ የፋይበር ዓምድ አልነበረውም። በማስመሪያ ስድስት ዓምድ ጨመርኩበት። የ1 ቁጥር ዓምድ ባዶውን ይቀራል፣ ግን አስምሬዋለሁ፤ የሚመጣው ሰው እዚያ አንድ ፋይበር እንደነበረ ይወቅ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጭነቱ 1090 አምፒር ደረሰ። ፋኖቹ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር የተነሡት። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነበሩ፣ ከቤታቸው።

«5 ቁጥር ስንት ደረሰ?»

84 ነበር። ጌጁ 83።